ሆፒዎች ከጠፉት የእስራኤል ነገዶች ናቸው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሆፒ የሚባሉት ቀይ ሕንዶች ከጠፉት አሥሩ የእስራኤል ነገዶች ናቸው ይላል። ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ይህን ነው፦ ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ አራስና ሕፃን 20 ቀን ከቤት አይወጡም፤ እንደ ሙሴ የናስ እባብ እነሱም የእባብ ሥርዓት አላቸው፤ የጥፋት ውኃ ታሪክ ይተርካሉ፤ የሚመለስ ወንድም ይጠብቃሉ። ይህን በማኅበራችን ለወጣቶች ላቀርበው አስቤያለሁ። ኦገስት ላይ ደግሞ ልጆቼን ይዤ የእባቡን በዓል ማየት እፈልጋለሁ። ነገሩ እውነት ነው ወይ? ምን ይመክሩኛል?»

አይደሉም። ሆፒዎች ከእስራኤል ነገዶች የመጡ አይደሉም። ቪዲዮው የዘረዘራቸው ነገሮች አብዛኞቹ በሆፒዎች ዘንድ በእርግጥ አሉ። ችግሩ ከነሱ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። በሆፒዎችና በአይሁድ እምነት መካከል ጠለቅ ያለ መመሳሰል እንዳለ ግን እኔም አምናለሁ። ያለውም ቪዲዮው ጨርሶ ባልነካው ነገር ላይ ነው፤ በዝናብ ላይ። ወደዚያ እመጣለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዘሩን ጉዳይ መጀመሪያ እንጨርሰው። ሆፒዎች በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና፣ በሦስት ደረቅ አምባዎችና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። መንደሮቻቸው 12 ናቸው። አንዷ ኦራይቢ ከ1100ዎቹ ጀምሮ ሰው ሳይለያት ኖራለች። አሦራውያን ሰማርያን አፍርሰው አሥሩን ነገዶች የበተኑት ደግሞ በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ በአሪዞናና በአካባቢዋ በቆሎ መዘራት ከጀመረ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከሜክሲኮ የደረሰው ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ነውና። ከሰማርያ የተሰደደ ሕዝብ እዚያ ቢደርስ ኖሮ ስንዴውን፣ ፍየሉንና አህያውን ይዞ በመጣ ነበር። ስፓኞች በ16ኛው መቶ ዘመን እስኪመጡ ድረስ ከነዚህ አንዱም እዚያ አልነበረም። የሆፒ ቋንቋ ዘመዱ የሜክሲኮ አዝቴኮች ይናገሩት የነበረው ናዋትል ነው። ከዕብራይስጥ ጋር ግን፣ አማርኛ ከዕብራይስጥ ጋር ያለው ዓይነት ዝምድና ፈጽሞ የለውም። የዘረመል ጥናትም የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች አመጣጥ የሚያደርሰው ወደ ሳይቤሪያና ሰሜን ምሥራቅ እስያ ነው። የመጡትም ነገደ እስራኤል የሚባል ነገር ከመኖሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከሆፒዎች አልመጣም። በ1644 አንድ መንገደኛ አምስተርዳም ገባ። በዛሬዋ ኮሎምቢያ ተራሮች «እስራኤል ሆይ ስማ» የሚለውን ጸሎት የሚያውቁ ሰዎች አገኘሁ አለ። የከተማዋ ረቢ ምናሴ ቤን እስራኤል በ1650 ይህን ይዞ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲዞር ኖረ። ዛሬ ለቼሮኪ ይባላል፣ ነገ ለናቫሆ፣ ከነገ ወዲያ ለሆፒ። ለሁሉም የሚሆን ማስረጃ ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

እኛ ኢትዮጵያውያንን እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይማርከናል። ቤታችን ውስጥ ስላለ ነው። በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፣ ቅዳሜን እናከብራለን፣ ታቦት አለን። ስለዚህ ሌላ ቦታ የኦሪት የሚመስል ልማድ ስናይ «እነዚህም ከዚያው ናቸው» ለማለት አንዘገይም። ግን የኛን ልማድ ከኦሪት ጋር የሚያገናኘው መመሳሰሉ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ በግእዝ እጃችን ላይ አለ። ቤተ እስራኤሎችንም ይውሰዱ። እስራኤላውያን ነን ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን በጥብቅ እየጠበቁ፣ ስለ ኢየሩሳሌም እየጸለዩ ኖረዋል። በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲወስኑም፣ ከሳቸው በፊት የነበሩ ረቢዎችን ቃል ይዘው ነው። ሆፒዎች ግን የነሱ ትውፊት ሌላ ነው። ከታችኛው ዓለም ወደዚህ ዓለም ወጣን ነው የሚሉት። እስራኤላዊ ናችሁ የሚላቸው የውጭ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በእናት መቆጠሩን ቶሎ ልለፈው። በአይሁድ ሕግ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ነገድና ክህነት ግን የሚወረሱት ከአባት ነው። ስለ ጠፉት ነገዶች እያወሩ የእናትን ዘር ማስረጃ ማድረግ ከመነሻው አያስኬድም። ሆፒ ከእናቱ የሚወርሰው ጎሳውን ነው። የድብ ጎሳ፣ የበቆሎ ጎሳ፣ የእባብ ጎሳ እያለ ይቀጥላል። ማንን ማግባት እንደማይቻል፣ የትኛው እርሻ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ሥርዓት የየትኛው ቤት አደራ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። በእናት የሚቆጥሩ ሕዝቦች በአፍሪካም በእስያም ሞልተዋል።

20 ቀኑ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ የሚያምር ሥርዓት ነውና። ሕፃኑ ሲወለድ ብርሃን እንዳያገኘው በተጨለመ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ በበቆሎ ዱቄት መስመሮች ይሰመራሉ። በየአምስት ቀኑ እናትና ልጅ ይታጠቡና አንድ መስመር ይፋቃል። ከሕፃኑ ጎን ያልተፈለፈለ የበቆሎ ራስ ይተኛል፤ እንደ እናት የሚታይ ነው። በሃያኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ የአባቱ እናትና የአባቱ ወገን ሴቶች ይመጣሉ። ዩካ ከሚባለው ተክል ሥር በተመታ አረፋ ራሱን ያጥቡታል። እያንዳንዷ ሴት ከአባቱ ጎሳ ጋር የሚያያዝ ስም ታወጣለታለች። ከብዙዎቹ አንዱ ይጸናል። ከዚያ ወደ አምባው ጫፍ ይዘውት ይወጣሉ። የበቆሎ ዱቄት ይረጫሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ሕፃኑን ያሳዩዋታል።

እርስዎ ይህን ሲሰሙ የኛን አርባና ሰማንያ ቀን ማሰብዎ አይቀርም። ያ የመጣው ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን። እዚያ የሚቆጠረው እናቲቱ ወደ መቅደስ ለመግባት የምትነጻበት ጊዜ ነው። በሆፒ ዘንድ ወንድም ሴትም እኩል 20 ቀን ነው። ዋናው ነገርም ልጁን ከፀሐይና ከአባቱ ወገን ጋር ማስተዋወቅ ነው። አራስን ለይቶ ማስቀመጥ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያለ ልማድ ነው።

እባቡም እንደዚሁ ነው። የሙሴ የናስ እባብ፣ ዘኍልቁ 21 እንደሚለው፣ የተነደፈ ሰው ቀና ብሎ አይቶት እንዲድን የተሰቀለ ነው። በኋላም ሕዝቡ ስላጠነለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል። የሆፒዎቹ እባብ ከፈውስ ጋር አይያዝም፤ መልእክተኛ ነው። የእባብና የሚዳቋ ማኅበር የሚባሉ ሁለት የወንዶች ማኅበራት ኦገስት ላይ፣ በየሁለት ዓመቱ፣ ሥርዓቱን ያደርሳሉ። ወንዶቹ አራት ቀን ወደ አራቱ ማዕዘን ወጥተው ሕያው እባብ ይሰበስባሉ፤ መርዛማዎቹም አይቀሩም። እባቦቹ ይታጠባሉ። በመጨረሻው ቀን አደባባይ ላይ ወንዶቹ በአፋቸው ይዘዋቸው ይዞራሉ። ሲያበቃ በበቆሎ ዱቄት በተሠራ ክብ ላይ ይጥሏቸዋል። ከዚያ ሮጠው ሜዳ ወስደው ወደ አራቱ ማዕዘን ይለቋቸዋል። እባቡ ወደ ምድር ሆድ ገብቶ ጸሎቱን ያደርሳል። ጸሎቱም «ዝናብ ስጠን» ነው።

የጥፋት ውኃው አለ። ግን የኖኅ አይደለም። በአንዳንድ ጎሳዎች ትውፊት ፓላትክዋፒ የምትባል የደቡብ ከተማ ሕዝቧ ሥነ ምግባር አጥቶ የውኃው እባብ አጥለቀለቃት። ዋናው የአመጣጥ ታሪካቸው ሌላ ነው። ሰዎች በታችኛው ዓለም ተበላሹ። ጥቂት ቅን ልብ ያላቸው ከላይ የእግር ኮቴ ሰሙ። ወፍ ልከው አስጠየቁ፤ በሸምበቆ ውስጥ ተወጣጥተው በአንድ ቀዳዳ ወደዚህ ምድር ብቅ አሉ። ኪቫ በሚባለው የምድር ቤት ጸሎት ቤታቸው ወለል ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ያንን መውጫ ታስባለች። ስለ ወንድሙ ጉዳይ ሁለት ቃል ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ሄዶ ይመለሳል የሚሉት ታላቅ ወንድም ፓሃና ይባላል። አይሁድ የሚጠብቁት መሢሕ ግን ከዳዊት ቤት የሚነሣ ንጉሥ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው መመሳሰል። ዘዳግም ምዕራፍ 11ን ከቁጥር 10 ጀምረው ያንብቡ። ሙሴ ሕዝቡን እንዲህ ይላል፦ የምትገቡባት ምድር ዘርታችሁ በእግራችሁ እንደምታጠጧት እንደ ግብፅ አይደለችም። ኮረብታና ሸለቆ ያለባት፣ ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ ናት። ወዲያው ደግሞ ትእዛዜን ብትሰሙ ዝናቡን በየጊዜው እሰጣለሁ፣ ልባችሁ ቢስት ሰማይን እዘጋለሁ የሚለው ይከተላል። ይህን ክፍል አይሁድ ጠዋትና ማታ በጸሎታቸው ይደግሙታል። በዳስ በዓል ማብቂያ ላይ ኒው ዮርክ ያለ አይሁዳዊ እንኳ በእስራኤል ምድር ለሚወርደው ዝናብ ይጸልያል። ዝናብ ሲዘገይ ጾም እንዴት እንደሚታወጅ የሚደነግግ ሙሉ ክፍል ሚሽና በሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ሆፒዎችም ወንዝ የላቸውም። በምሥራቅ ያሉት ዘመዶቻቸው የሪዮ ግራንዴ ሕዝቦች በመስኖ ያርሳሉ። እነሱ ግን ሰማይ ሰማይ ነው የሚያዩት። የሚያገኙት ዝናብ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። በዚህ ላይ በቆሎ ይዘራሉ! ገበሬው በመትከያ እንጨት አንዳንዴ አንድ ክንድ ሊደርስ ምንም የማይቀረው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እርጥበቱ እስኪገኝ። አሥርና ከዚያ በላይ ፍሬ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራል። ከአንዱ ተክል እስከ ሌላው ሰፊ ቦታ ይተዋል። ዘሩ ራሱ ለዘመናት እየተመረጠ የመጣ ስለሆነ ከዚያ ጥልቀት አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ሌላ በቆሎ እዚያው ታፍኖ በቀረ ነበር።

ይህ አኗኗር ለነሱ ቃል ኪዳን ነው። ወደዚህ ምድር ሲወጡ ባለቤቷን፣ «ማሳው» የሚሉትን መንፈስ አገኙ። ማሳው የነበረው የመትከያ እንጨት፣ የዘር ከረጢትና የውኃ ቅል ብቻ ነው። እንደኔ በትሕትና መኖር ከፈለጋችሁ ኑሩ አላቸው። ምድሪቱ የሱ ናት፤ እነሱ የተሰጣቸው አደራ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ረጃጅሙን የበቆሎ ራስ ሲመርጡ ሆፒዎች አጭሩን ሰማያዊ መረጡ፤ ሕይወቱ ከባድ ግን የሚዘልቅ ነው ብለው። አሁን ዘሌዋውያን 25፥23ን ያስታውሱ። «ምድሪቱ የእኔ ናት፤ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶች ናችሁ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

የሰው ልብና ደመናውም የተያያዙ ናቸው። ወንዶቹ ከበዓል በፊት ኪቫ ይገባሉ። ጨውና ሥጋ ይጾማሉ፤ ከሚስቶቻቸው ይለያሉ። በላባ የጸሎት ዕቃ ይሠራሉ፤ አብረው ፒፓ ያጨሳሉ። ቂም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ዝናብ ከቀረ መጀመሪያ የሚጠየቀው በመሃላችን የተጣላ ማን አለ የሚለው ነው። ከብርዱ ወቅት አጋማሽ እስከ ጁላይ ካቺናዎች የሚባሉት መናፍስት በመንደሩ ይመላለሳሉ። ጁላይ ላይ ኒማን በሚባለው በዓል ተሸኝተው ፍላግስታፍ አጠገብ ወዳለው የሳን ፍራንሲስኮ ተራራ ይመለሳሉ። ከፊኒክስ ሲወጡ መንገድዎ ላይ ያዩታል። የሞቱት ቅን ሰዎችም ደመና ሆነው ይመለሳሉ ብለው ያምናሉ።

እንግዲህ መመሳሰሉ ከዘር አልመጣም። ሁለቱም በደረቅ ኮረብታ ላይ፣ በማይታመን ዝናብ የሚኖሩ ገበሬዎች እምነት ነው የነበረው። ሁለቱም ትንሽ ሕዝብ ሆነው ትላልቆች ሲያስገድዷቸው ራሳቸውን አልለቀቁም። የስፓኝ መነኮሳት በ1629 መጥተው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። በ1680 ሆፒዎች ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር ተነሥተው ስፓኞችን ከአካባቢው አስወጡ። በ1895 ደግሞ 19 ሆፒዎች ከካሊፎርኒያዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ፊት ለፊት ባለችው በአልካትራዝ ደሴት ታስረዋል። ልጆቻችንን ለመንግሥት ትምህርት ቤት አንሰጥም፣ መሬታችንም አይሸነሸንም በማለታቸው ነው።

ልዩነቱን ግን ወጣቶቹ በደንብ እንዲይዙት እፈልጋለሁ። አይሁድ አንድ አምላክ ብቻ ነው፣ ምስልም አይሠራም ይላሉ። ካቺናዎች አምላክ ባይሆኑም ጸሎት ተቀባይ መናፍስት ናቸው፤ በመልክ ይገለጣሉ፤ ለልጃገረዶችም ምስላቸው ከእንጨት ተቀርጾ ይሰጣል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን እውቀት ላይ ነው። በኦሪት እውቀት የሁሉም ነው። ዘዳግም 31 በየሰባት ዓመቱ ሕጉ ለወንዱም ለሴቱም ለሕፃኑም ለመጻተኛውም ይነበብ ይላል። በሆፒ ዘንድ ቅዱስ መጽሐፍ የለም። እውቀቱ በጎሳና በማኅበር ተከፋፍሏል። የአንዱ ማኅበር ሰው የሌላውን አያውቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው። ሁሉን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ እንዳይኖርም ሆኖ የተሠራ ነው። ለዚህ ነው «የሆፒ እምነት ሙሉ ምስጢር» የሚል ነገር ሲያዩ መሸሽ ያለብዎት። በ1963 የወጣ አንድ ዝነኛ መጽሐፍ የብዙ ቪዲዮዎች ምንጭ ነው፤ ሆፒዎችም ተመራማሪዎችም በብርቱ ተችተውታል።

ወደ ጉዞው እንምጣ። የእባቡ በዓል ዛሬ ለውጭ ሰው ክፍት ስላልሆነ ለሱ ብለው አይሂዱ። የካቺና በዓላትም ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ የሚወስነው እያንዳንዱ መንደር ነው። ኦገስት መጨረሻና መስከረም አካባቢ ወጣቶች የሚያቀርቡት የቢራቢሮ ሽብሸባ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳ ይቀበላል። ሁለተኛው አምባ ላይ ባለው የሆፒ የባህል ማዕከል ይጠይቁ፤ ሆፒ የሆነ አስጎብኚም ይያዙ። ስልክዎን መኪና ውስጥ ይተዉት። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ መቅዳት፣ በእርሳስ መሳል እንኳ ክልክል ነው። ይህ ክልከላ ከመሬት አልተነሣም። ከመቶ ዓመት በፊት በፎቶ አንሺ ተጥለቅልቀው ነበር። በ2013 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ 70 የሚጠጉ ቅዱሳት ዕቃዎቻቸው በጨረታ ሲሸጡ ፍርድ ቤት አቤት ብለው አልተሰሙም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በወጣ ሌላ ጨረታ፣ አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት 21 ያህል ገዝቶ መልሶላቸዋል።

ለልጆችዎ አስቀድመው የሚነግሩት አንድ ነገር አለ። ካቺና ካዩ «ጭንብል ያደረገ ሰውዬ» አይበሉ፤ በተለይ የሆፒ ሕፃናት ባሉበት። ለነዚያ ሕፃናት የመጣው ካቺናው ራሱ ነው። ረጋ ብላችሁ ቁሙ፤ አታጨብጭቡ፤ ጸሎት ላይ ናችሁ። «እናንተ እስራኤላውያን ናችሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ቤት ትታችሁት ሂዱ። ማን እንደሆኑ ሌላ ሰው ሲነግራቸው አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው።

ለማኅበሩ የምመክርዎ ይህን ነው። የጠፉት ነገዶችን ነገር ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ «ይባላል» ብለው እንኳ አያስገቡት፤ ወጣት የሚይዘው «ይባላል» የተባለውን ነው። በምትኩ ዘዳግም 11ን ከቁጥር 10 እስከ 17 አንብቡ። ከዚያ የምድሪቱን ባለቤት የ«ማሳው»ን ታሪክና የበቆሎውን አዘራር ይንገሯቸው። ዝናብ ባይመጣ ምን እንደሚሉ፣ ማን ጥፋተኛ እንደሚባል፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚቀድም ጠይቋቸው። አንድ ሰዓት አይበቃችሁም።